ጽዋውን ያነሳ እጅ

ዛሬ ጠዋት ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የወይራ ጭስ ነው። ሌላ ቀን የሚያነቃኝ ደወል ነው፤ ዛሬ ግን ጭሱ ቀደመው። በጓሮ በኩል ሰው ጋን እያጠነ ነበር። የታጠነ ጋን ሽታ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። የተቃጠለ ቅጠል አይሸትም፣ ምድጃም አይሸትም። ጋኑ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ፣ ከሥሩ የወይራ ስንጥር ሲጨስ፣ ሸክላው ጭሱን ጠጥቶ ጠጥቶ ሲጠግብ የሚተፋው ሽታ ነው። እኔ ይህን ሽታ ስሸት የማስበው አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ቤት ተረኛ አለ፣ ጠላ ሊጠነሰስ ነው፣ የማርያም ማኅበር ሊገባ ነው።

ተረኛዋ እኔ ነኝ። ጋኑን የምታጥነው ግን ሕይወት ናት። ሕይወት የወንድሜ ልጅ ናት፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ፣ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። አሁን ወገል ጤና ከተማ ታስተምራለች። ዘንድሮ ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት ባሕር ዳር እንድትሄድ ተመርጣለች፤ ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። ለዕረፍት መጥታ ልብሷን አጥባ አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ፣ መልሳ አውጥታ ቁም ሳጥን ውስጥ ስትደረድረው አየኋት። ምክንያቱን አልጠየቅኳትም፤ አውቀዋለሁ።

በማኅበራችን ደንብ አንዲት ሴት ስታረጅ "በእግሬ የምትተካው እገሊት ናት" ብላ በሁሉም ፊት ትናገራለች። ከአሥራ ሁለት ሴቶች የቀረነው አምስት ነን። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ከአምስቱ ታናሽ ብሆንም፣ ባለፈው ወር በሃያ አንድ የማኅበሩን ጽዋ ሳነሳ ማን እንደምትተካኝ ጠየቁኝ። "የምተካው ሰው የለኝም" አልኳቸው። ሕይወት የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ጽዋውን አዝላ ቤቴ ድረስ አምጥታልኝ፣ አውርዳ ከቦታው ካስቀመጠች በኋላ፣ "እኔ ልጅሽ አይደለሁም ማለት ነው?" አለችኝ። በተፈጥሮዬ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ያን ጊዜ መናገር የነበረብኝን ከዚያ ወዲህ በልቤ ስመላለስበት ሰንብቻለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ ነው፤ አዲሱ መንግሥት ገብቶ፣ መሥሪያ ቤቶች እንደ አዲስ እየተከፈቱ፣ ሰው ሁሉ ምን እንደሚመጣ ሳያውቅ ዝም ብሎ የሚጠብቅበት ሰሞን። ዓመቱን በትክክል ብጠየቅ እሳሳታለሁ። ዋጋውን ግን አልረሳም። አንድ ጠርሙስ ላምባ ብር ከስሙኒ ነበር። ነጭ ሻሽ ሦስት ብር፣ ኮንጎ ጫማ አሥር ብር። ከቅዳሜ ገበያ ወደ ላይ ሲወጡ በስተግራ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረች፤ ባለቤቱ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ከደሴ አስመጥቶ ጠዋት ጠዋት መዝሙር፣ ከሰዓት ዘፈን ያሰማን ነበር። ብዙዎቻችን ሰዓት አልነበረንም። ዘፈኑ ሲጀምር እኩለ ቀን እንዳለፈ እናውቅና ለከብቶቹ ውሃ እንወርድ ነበር። ሱቋ የነበረችበት ቦታ አሁን የሞባይል ካርድ ይሸጥበታል፤ ሙዚቃው ከጠዋት እስከ ማታ አያቋርጥም፣ ሰዓቱንም አይነግርም።

ያን ጊዜ የምንኖረው እዚህ አዲሱ ሰፈር አልነበረም። ቤታችን ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አጠገብ፣ ከገደሉ አፋፍ ነበር፤ ክብ፣ ፎቅ ያለው የድንጋይ ቤት፣ ጣሪያው ሣር፣ ደረጃው በውጭ። ከታች ከብቶቹ፣ ከላይ እኛ። በክረምት የከብቶቹ ትንፋሽ በወለሉ በኩል ወደ ላይ እየመጣ ያሞቀን ነበር። ከላይኛው ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ክንድ የምትሆን ጎድጓዳ ቦታ ተፈልፍላ ነበር። ሌላ ጊዜ ባዶ ናት፤ ልጅ ሆኜ ደብተሬን ባስቀምጥባት እናቴ ሳትቆጣ አንስታ ጭኔ ላይ ታደርገዋለች። በዓመት አንድ ወር ግን ጽዋው የሚያድረው እዚያ ነበር።

ጽዋው ከወይራ እንጨት የተፈለፈለ ነው። ማን እንደፈለፈለው የሚያውቅ የለም። ከብዙ እጅ ጠቁሮ ሸክላ ይመስላል፤ በሦስት ጨርቅ ይጠቀለላል፣ የውጪው ቀይ ነው። በየወሩ በሃያ አንድ ቀን ተረኛዋ ደግሳ፣ ካህኑ ባርከው፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ፣ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን በማኅበሩ ሙሴ ፊት ከደጋሿ እጅ ትቀበላለች። "አነሳች" ይባላል። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን መሪ ነው፤ ሴትም ብትሆን ሙሴ ናት። ጽዋውን ያነሳች ሴት እስከሚቀጥለው ሃያ አንድ ድረስ ከቤቷ ውጭ አታድርም። ቀን ገበያ ትወጣለች፣ ልቅሶ ትደርሳለች፤ ሲመሽ ግን ጽዋው ካለበት ቤት ትገኛለች። ባል ቢኖር፣ ልጅ ቢኖር ለውጥ የለውም። ያነሳችው ራሷ ናት የምታድረው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ እናቴ "አንቺ ደብተርሽን ያዢ" ትለኝ ነበር። ለደግ ብላ ነው። የማኅበሩን ነገር እሷ ይዛው፣ እኔ ተምሬ እንድሄድ ነበር የምትፈልገው።

እኔ ግን አልሄድኩም። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ውጤቴ አልበቃም፤ አገባሁ፤ ልጅ ሳልወልድ ተፈታሁ፤ ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ከዚያ እናቴ ታመመች፤ ስምንት ዓመት አስታመምኳት። ስትሞት ሠላሳ አምስት ልሞላ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ከአርባዋ በኋላ ከደሴ ደብዳቤ ደረሰኝ። አልማዝ የምትባል የትምህርት ቤት ጓደኛዬ እዚያ ተቀጥራ ስለነበር ማመልከቻዬን ያስገባችልኝ እሷ ናት። መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬአለሁ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀርቤ ሥራ ካልጀመርኩ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ደብዳቤውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ክብ ማኅተሙ ወይን ጠጅ ቀለም ነበረው።

ጫማ ገዛሁ። ከገና ተሳላሚ ጋር መጥቶ የቀረ ነጋዴ ዘንድ የተሰቀለ፣ ቡናማ፣ ዝቅ ያለ ተረከዝ ያለው፣ ሠላሳ አምስት ብር። እግሬ በኮንጎ ጫማ ተዘርግቶ ያደገ ስለሆነ ጠበበኝ። ነጋዴው "ቆዳ ነው፣ ይለቃል" አለኝ። በየቀኑ ቤት ውስጥ እያደረግኩት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እመላለስ ነበር፤ ክብ ቤት ውስጥ ሲመላለሱ መዞር ነው። ከታች ላሚቱ ኮቴ የሰማች ይመስል ጆሮዋን ታቆማለች።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። የሚቀጥለው ተራ የእናቴ ነበር። ከአክስቴ ጋር ተነጋገርን። ጥሩዬ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅ ሳይኖራት ከኛ ቤት በታች ብቻዋን ትኖር ነበር። "የእህቴን ጽዋ እኔ አነሳለሁ፤ አንቺ ሂጂ" አለችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ ነው ያለችኝ። ሦስተኛውን ያለችኝ በዕለቱ ጠዋት፣ ጸጉሬን እየሠራችኝ ነው።

ድግሱ የነበረው ሙሴያችን እትዬ ተዋቡ ቤት ነው። እትዬ ተዋቡ ረጅም፣ ደረቅ፣ አፈ ስል ሴት ነበሩ። ጥቁር ለብሼ ከአክስቴ ጎን ተቀመጥኩ። ማኅበር ላይ ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሴቶቹ እናቴን እያነሱ ትንሽ አለቀሱ፣ ከዚያ ጠላው ሲመጣ ሳቁ።

"ይህች ልጅ አትበላም እንዴ?" አሉ እትዬ ተዋቡ።

"በልቻለሁ፣ ይስጥልኝ።"

"የበላሽው የቱ ነው? እንጀራውን እየገለበጥሽ ታነቢዋለሽ እንጂ አልበላሽም።"

ሳቁብኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። አሁን ሳስበው ከቤተሰቤ ውጭ ሰዎች እንደ ራሳቸው ልጅ የቀለዱብኝ መጀመሪያ ያን ቀን ነው፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

መምሬ ክንፈ፣ የማኅበሩ አባት፣ ጸሎት አድርሰው ልቅሶ ስለነበረባቸው ቀድመው ሄዱ። ከዚያ እትዬ ተዋቡ ተነሡና ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሐል ቆሙ። "የብዙነሽን ተራ" አሉ። የእናቴ ስም ነው። ወደ አክስቴ ዞርኩ። ጥሩዬ ነጠላዋን እስከ አገጯ ድረስ ተከናንባ እጆቿን ከሥሩ አድርጋለች። አትንቀሳቀስም። ምድር ምድር ታያለች። እትዬ ተዋቡ ጽዋውን እንደዘረጉ ቆመዋል፤ ከዚያ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የቀይ ጨርቁ ጫፍ ብቻ ነበር የሚርገበገበው፤ ቀጥሎ ጽዋው ራሱ። ሁሉም ያያል፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ይወድቃል አልኩ። ያ ሁሉ እጅ የነካው ነገር በእናቴ ተራ ላይ ወድቆ ሊሰበር ነው። ተነሥቼ ሁለት እጄን ከሥሩ አደረግኩ። ለመደገፍ ነበር። እትዬ ተዋቡ ግን እጃቸውን ወዲያው አነሱ።

እልልታው ገደሉ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል።

በማግስቱ እትዬ ተዋቡ ዘንድ ሄጄ ነገሩን አስረዳሁ። ደብዳቤውን አሳየኋቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"የወሩ መጨረሻ ስንት ቀን ቀርቶታል?"

"ስምንት።"

"ለሃያ አንድስ?"

"ሃያ ዘጠኝ።"

"እንግዲህ ጽዋውን አስረክበሽ ትሄጃለሽ።"

"ያን ጊዜ ቦታው ይሰጣል እኮ እትዬ። አክስቴ እያደረች ብትጠብቀው ምን አለ?"

"ያነሳችው ጥሩዬ ናት?"

"ልደግፍልዎ ብዬ እኮ ነው የተነሣሁት።"

"እኔም አይቻለሁ። ማርያምም አይታለች" አሉኝ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ማንም አላሰረኝም። ይህን ደጋግሜ ለራሴ እለዋለሁ። በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ጽዋውን ለአክስቴ ሰጥቼ፣ ጫማዬን አድርጌ፣ እህል አራግፎ በሚመለስ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ጥሩዬ ሁለት ድፎ ዳቦ ቋጠረችልኝ። "ደኅና ግቢ" እንጂ ሌላ አላለችኝም። ጋሸና ስደርስ ረፋድ ሆኖ ነበር። ጋሸና ያን ጊዜ መንገዱ የሚገነጠልበት ላይ የተሰለፉ የጭቃ ቤቶች ነበረች፤ ነፋስ፣ አቧራ፣ የቆሙ መኪኖች፣ የጎማ ሽታ። ከደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚወርድ አውቶቡስ እስኪመጣ አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ። ብር ከሃምሳ ነበር። ባለቤቷ ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናት።

"ምነው እቴ፣ እንደ ሙሽራ ጫማ ጫማሽን ታያለሽ?"

"ጠቦኝ ነው።"

"አውልቂዋ! እዚህ ማን ያይሻል? የሾፌር ዓይን እንደሆነ ከድስት አይነሳም።"

አወለቅኩት። እግሬን ከጠረጴዛው ሥር ቀዝቃዛው መሬት ላይ ዘረጋሁት። ሽሮዋ ጥሩ ነበረች። እንደዚያች ሽሮ ያለ አልበላሁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ማንም አያውቀኝም፣ ማንንም አልጠብቅም፣ ተራዬም አይደለም። ምናልባት ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆንኩ።

ከዚያ መምሬ ክንፈ ገቡ። ወገል ጤና ለእህታቸው ልቅሶ ደርሰው ወደ ላሊበላ የሚመለስ መኪና ይፈልጋሉ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ባዶ እግሬን ተነሥቼ መስቀል ተሳለምኩ።

"ሰርክዓለም! እዚህ ምን አመጣሽ ልጄ?"

"ጉዳይ ነበረኝ አባቴ።"

"ሰማሁ፤ ጽዋውን አነሳሽ አሉ። እናትሽ ሃያ ሁለት ዓመት አንስታዋለች። የልቅሶዬ መጽናኛ ሆነኝ፤ አልዋሽሽም።" ተቀመጡ። "ማን ዘንድ ተውሽው?"

"አክስቴ ዘንድ።"

"መልካም። ለማታ ትደርሻለሽ አይደል?"

አልተቆጡኝም፣ አልጠረጠሩኝም። ሌላ መልስ ይኖራል ብለው ስላላሰቡ ነው የጠየቁኝ። እኔም መስቀላቸውን የሳምኩበት ከንፈር ሳይደርቅ፣ "እደርሳለሁ አባቴ" አልኩ።

"እንግዲያማ አብረን እንመለሳለን" ብለው ወጡና የጭነት መኪና ሾፌር ለምነው ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኙልኝ። ለሴት ልጅ ከላይ መንገላታት አይገባም ብለው ነው። በሾፌሩና በመምሬ ክንፈ መሐል ተቀመጥኩ። ሾፌሩ የከፈተውን ዘፈን ለካህኑ ክብር አጠፋ። ከኋላችን አውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። መንገዱን ሁሉ መምሬ ስለ እናቴ ደግነት አወሩኝ፤ እኔም "አዎ አባቴ" እላለሁ። ጫማዬን መልሼ ማድረጌን አላስታውስም። ከጋቢናው ስወርድ ግን በእጄ ይዤው ነበር።

ጥሩዬ ከላይኛው ቤት፣ ከበሩ ፊት ለፊት፣ ጽዋውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጠዋት ትቻት ከሄድኩበት የተነሣች አትመስልም። ምሳ እንኳን አልበላችም። "መጣሽ" አለች። ቀጥላም "ዳቦውን መልሰሽዋል?" አለችኝ። ዳቦውን ጋሸና ረስቼው ነበር።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ተዋቡ ጋር ሄድኩ። ሳልጠየቅ ልናዘዝ ነበር መሰለኝ። ደጃቸው ላይ በፀሐይ ተቀምጠው ቀሚስ ይጠቅማሉ። ገና ሰላም ሳልላቸው ክሩ አለቀባቸው፤ አዲስ ክር ቆርጠው፣ በከንፈራቸው አሹለው፣ መርፌውን ወደ ሰማይ አንስተው ሰኩት። በመጀመሪያው ገባ። መነጽር የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ማየቴንም አዩ።

"ምነው ቆምሽ? ተቀመጪ" አሉኝ።

ተቀመጥኩ። የቀሚሱን ጫፍ እንድይዝላቸው ሰጡኝ፤ ያዝኩላቸው። ስለ ጋሸና አልተነጋገርንም፣ ስለ መርፌውም አልተነጋገርንም፤ እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ።

ወሩ አለቀ። ጽዋውን በሃያ አንድ አስረከብኩ፣ ግን የምሄድበት ቦታ አልነበረም። አልማዝ አንድ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ መልስ አልጻፍኩላትም፤ ሁለተኛ አልጻፈችም። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚሁ ከተማችን ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፤ ጡረታ እስክወጣ እዚያ ሠራሁ። ተበድያለሁ ብዬ መናገር አልችልም። እግሬ የተሰበረ ዓመት አሥራ አንዱ ሴቶች በተራ ውሃ ቀድተውልኛል፤ ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንስራዬ ባዶ አልዋለም። እትዬ ተዋቡ ራሳቸው፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ሽንት ቤት ደግፈው ወስደውኛል። የሚይዘኝ እጅና የሚደግፈኝ እጅ አንድ ስለነበረ፣ አንዱን ስጠላ ሌላውን የማደርግበት አጣሁ። በየዓመቱ "ዘንድሮ ካነሳሁ በኋላ" እላለሁ። ካነሳሁ በኋላ ሕይወት መጣች፤ እሷን ሳሳድግ ሌላው ዓመት መጣ።

ኋላ ከተማው መለወጥ ጀመረ። አውሮፕላኑ በየቀኑ ይመላለስ ጀመር፣ መብራት ገባ፣ ፈረንጆቹ በዙ፣ በየጥጉ ሆቴል ተሠራ። ከዚያ በቅርሱ አጠገብ ያለን ሰዎች ተነሡ ተባልን። ካሳ ተሰጠን፣ ወደ አዲሱ ሰፈር ወጣን። ክቡ ቤታችን ባዶውን ቀረ። እዚህ ያሉት ቤቶች ባለ አራት ማዕዘን፣ ቆርቆሮ ለባሽ ናቸው፤ በክረምት ከዝናቡ ጩኸት የተነሣ አጠገብ ያለ ሰው አይሰማም፤ ከታች የሚያሞቅ ትንፋሽም የለም። ማኅበርተኛው ተበታተነ። ያኔ "ይበቃል፣ ጽዋውን ለቤተ ክርስቲያን እንስጥ" የሚል ይኖራል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አላለም። እኔም አላልኩም። አዲሱ ቤቴ ሲሠራ አናጢውን ግድግዳው ላይ አንድ ክንድ የምትሆን ጎድጓዳ ቦታ እንዲተውልኝ የነገርኩት ራሴ ነኝ።

ጥሩዬ የሞተችው አዲሱ ሰፈር ከገባን በኋላ፣ እኔ ቤት ነው። በመጨረሻዋ ሳምንት እግሯን ስቀባላት ጠየቅኳት። ከዚያ በፊት ጠይቄያት አላውቅም።

"ያን ቀን እጅሽን ለምን አላወጣሽም?"

የምን ቀን አላለችም። "ላወጣው ነበር" አለችኝ። "ከተዋቡ ጋር የተመካከርነው ነገር የለም፤ እንዳታሚኝ። ላወጣው ነበር፤ እምቢ አለኝ።" ቀጥላ፣ "አንቺ ብትሄጂ ከማን ጋር ላረጅ ነበር ሆድዬ?" አለችኝ።

ቅባቱን ቀብቼ ጨረስኩላት። ካልሲዋን አደረግኩላት።

ይህን ሁሉ ነው እንግዲህ ለሕይወት ያልነገርኳት። "ተተኪ የለኝም" ስል፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ ማለቴ ነበር። እሷ የሰማችው ግን ከቤቱ ልጅ እንደማትቆጠር ነው። ዛሬ ጠዋት በጭሱ ሽታ ተነሥቼ ጓሮ ስወጣ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ጸጉሯ አመድ ሆኖ፣ በስንጥሩ ላይ እፍ እፍ ትላለች።

"ማን አጥኚ አለሽ?" አልኳት።

"ማንም። ስንት ጊዜ ነው የሚታጠነው?"

"ምዝገባሽስ?"

"መጀመሪያ ይህን ንገሪኝ እቴቴ። ስንት ጊዜ ነው?"

"ሦስት።"

"ምዝገባው ለከርሞም አለ።"

"ለከርሞ የለም።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?" አለችኝ፤ ሳቀችም። ጋኑን ቀና ልታደርግ ስትታገል ሄጄ ደገፍኩላት፤ ሁለት እጄን ከሥሩ አድርጌ። ጋኑ ከብዶ ነበር፣ ትኩስም ነበር። ስናቆመው እጆቼን ይዛ አገላብጣ አየቻቸው።

"እቴቴ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል እኮ።"

"ከጋኑ ክብደት ነው።"

"ትናንትም ጽዋውን ስታወርጂው አይቻለሁ፤ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሃያ አንድ ለተረኛዋ እንዴት አድርገሽ ልትሰጪያት ነው? ከጎንሽ እቆማለሁ። ሊወድቅ ሲል እይዝልሻለሁ። ይህንንም ትከለክይኛለሽ?"

እጄን ነጠላዬ ሥር አስገባሁ። "ጭሱ እንዳይጠፋ" ብያት ወደ ቤት ገባሁ።

እውነቷን ነው፤ ትናንት ጽዋውን ሳወርድ እጄ ሲንቀጠቀጥ እኔም አይቼዋለሁ። እርጅና ነው ብዬ ነበር። በስድሳ ስድስት የሚያስገርም አይደለም። ሕይወት ያን ጊዜ ከኋላዬ ቆማ ነበር። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የስፌት ሣጥኔን ከፈትኩ። መነጽሬን አደረግኩ፤ ከመርፌዎቹ ቀጭኑን መረጥኩ፤ ክር ቆርጬ በከንፈሬ አሾልኩና ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረግኩት። ብቻዬን ነበርኩ። የሚያየኝ ሰው አልነበረም።

ክሩ በመጀመሪያው ገባ።